የዓሣ ነባሪው ትንፋሽ

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሰመራ ሄጄ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ከተማ አልነበረም። ዛሬ ፎቅና አስፋልት የሞላው ሜዳ ያን ጊዜ ድንጋይና ንፋስ ብቻ ስለነበር፣ የአባቴ መኪና ሳትቆም ነበር የምታልፈው። ሥራዬን ስጨርስ ያደግኩባትን ዱብቲን ሳላይ አልመለስም ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ልክ መግቢያው ላይ ስንደርስ ውሃ ገብቶበት የሰነበተ የጥጥ ፍሬ ክምር ሸተተን። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት «ኧረ በአላህ መስኮቱን ዝጉት!» ብላ ጮኸች። እኔ ጭራሽ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ሳብ አድርጌ ማግኩት። ልጅቱ አእምሮዬን የሳትኩ መስሏት ፈቀቅ አለች። አልፈረድኩባትም። ይህ ሽታ ለእኔ የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ መሆኑን በምን ታውቃለች?

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት በሰልፍ ቆመን እንዘምራለን፣ አስተማሪዎቻችንን «ጓድ» እያልን እንጠራለን፣ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ዴስክ ላይ ተደፍተን እናንቀላፋለን። እናቴ ለጥጥ እርሻው ሠራተኞች ሻይና ፓስቲ የምትሸጥበት ዳስ ነበራት። አባቴ ሰይድ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከአሰብ ወደብ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሲወጣም ሲወርድም ዱብቲ ጎራ ብሎ ያድራል። ሁለቱም ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ ግን ዱብቲ ተወልጄ፣ ከአፋር ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ስላደግኩ አፋርኛውን ከአማርኛው እኩል ነው የማወራው።

አባቴ ያደረ ቀን ዳሱ ጢም ብሎ ይሞላል። ወሬ ይችላል። የኬላ ፈታሾችን ድምፅ ያስመስላል፣ መንገድ ላይ ያጋጠመውን ጅብ ራሱ ጅብ ሆኖ ያሳያል፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እናቴ «በል በቃህ፣ ሻዩ ቀዘቀዘባቸው!» እያለች ትቆጣለች፤ ግን እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ትስቃለች። እኔማ አባቴ ሲያወራ ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

ከደንበኞቹ አንዱ ብቻ እንደ ሌላው አይስቁም። አባ ሁመድ ይባላሉ፤ የጥጥ መጋዘኑ ዘበኛ የሆኑ አፋር ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ መጥተው በርጩማው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ከእኔ ጋር ዳጉ የምንለዋወጠው ያን ጊዜ ነው። ዳጉ የአፋሮች ወግ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ይቀመጡና አንዱ ያየውንና የሰማውን ለሌላው ይነግራል፤ አድማጩ በየመሐሉ «እህ» ይላል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ሰው ያቀብላል፤ ወሬው በእግር እየሄደ አገር ያዳርሳል። አንድ ነገር ግን አይቀለድበትም፤ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ማለት አለብህ። አባ ሁመድ ይህን ያስተማሩኝ እንደ ፊደል እየደጋገሙ ነው።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» ይሉኛል።

«አስተማሪያችን ታመዋል።»

«አየሻቸው?»

«አይ፣ ተሾመ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው ከተሾመ ሰማሁ በዪ።»

አስተካክዬ ስደግመው «እህ» ይላሉ። ያቺን «እህ» ለማግኘት ስል የዱብቲን ዶሮ እንኳ በትክክል እመለከት ነበር።

አንድ ምሽት አባቴ ከአሰብ ተመልሶ እንደተቀመጠ «ዓሣ ነባሪ አየሁ!» አለ። አባቴ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ከመኪናዬ ከነተሳቢዋ ይረዝማል! ጅራቱን ሲያነሳ ፀሐይዋ ድርግም አለች! ወላሂ ጀልባዋን በአንድ ጉርሻ ሊውጣት ነበር!» ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። አባ ሁመድ ግን መጀመሪያ ላይ «እህ» ሲሉ ቆይተው መሐል ላይ ዝም አሉ።

«ሰይድ፣ በዓይንህ ነው ያየኸው?»

«በእነዚህ በሁለቱ ዓይኖቼ!»

ሌላ አልጠየቁም። ሻያቸውን ጨልጠው ወጡ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ዓሣ ነባሪውን ለሰው ነገሩ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያባትሽን ወሬ አልወሰድኩትም።»

«ለምን?»

«እንጃ፤ አልያዝልህ አለኝ።»

የመኪና ጭነት የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሳስበው ግን ነገሩ ገባኝ፤ አባቴን አላመኑትም ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢስቅበት ግድ አልነበረኝም፤ አባ ሁመድ ግን አየሁ ያለን ሰው እንዲሁ አይጠረጥሩም።

ተሾመ ደግሞ ይህን የሰማ ይመስል ነገሩን አባሰው። ተሾመ የእርሻው ጸሐፊ ልጅ ነው፤ አባቱ እኛ ዳስ ሻይ ይጠጣሉ። በዕረፍት ሰዓት መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ እጁን እንደ አባቴ ዘረጋና «የውሸታሙ ልጅ! የዓሣ ነባሪዋ!» አለኝ። ጆሮውን ነከስኩት። ግማሽ ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ ዋልኩ፤ ጉልበቴ እያቃጠለኝ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ዓሣ ነባሪውን ራሴ ማየት አለብኝ።

አባቴ እንደመጣ ያዝኩት። «አባዬ፣ ዓሣ ነባሪውን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው አሳየኝ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳቁን ሲጨርስም እዚያው ቆሜ እያየሁት ነበር፤ ያኔ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ኢንሻአላህ» አለ።

ዕድሌ ሆኖ የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ የአባቴ ረዳት ለእህቱ ሠርግ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ። ወንበሩም ሥራውም ለእኔ ይሁን ብዬ ድርቅ አልኩ። እናቴ «ሴት ልጅ በጋቢና በርሃ ለበርሃ? ሰው ምን ይላል?» ብላ ጮኸች። አባቴ ከሁለታችንም አልወገነም። አሁን ሳስበው እናቴ እንድታሸንፍ ሳይጸልይ አልቀረም። ግን ስታለቅስ ታይታ የማትታወቅ ልጅ ሦስት ጊዜ እንባዋን ስታፈስ እናቴ ሆዷ አልቻለም። «በይ ሂጂ፤ ራስሽን ሸፍኚ፤ አላህ ይጠብቃችሁ» አለችኝና ቆሎና ቴምር ቋጠረችልኝ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጋቢናው ከፍ ያለ ስለነበር ዓለሙን ሁሉ ከላይ ሆኜ አየሁት። ዛሬ ሰመራ የሆነውን ሜዳ አቋርጠን ሰርዶ ስንደርስ ሾፌሮች ሁሉ «ሰይድ፣ አዲሱ ረዳትህ አጠረ!» እያሉ ቀለዱ። ሥራዬ የራዲያተር ውሃ ነው። መኪናችን ዳገት ላይ ስትደክም ፊቷ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ አባቴ «ፈላ! ውሃ!» ብሎ ይጮሃል፤ እኔ ጀሪካኑን አንጠልጥዬ እዘላለሁ። እሱ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ይከፍታል፣ ፉፍ ይላል፣ እኔ ውሃውን አቀብላለሁ። ኤሊዳር ስንደርስ «ፈላ!» ሲባል ሳላስብ እግሬ ብቻውን የሚሮጥ ሆኖ ነበር።

አሰብ ስንገባ ባሕሩን አየሁና «ማዶው የታል?» አልኩ። ውሃ የማውቀው አዋሽን ነዋ፤ ማዶ የሌለው ውሃ ቢነገረኝም አላምንም ነበር። አባቴ አሰብ ሲገባ ቤቱ የሚያድርበት ሰው ያሲን የሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ባለ ሞተር ጀልባ አለችው። አባቴ ወደ ጎን ወስዶ ሲያንሾካሹክለት አየሁ። ያሲን እኔን አየኝና ፈገግ አለ። ያኔ ያለ ፈቃድ ወደ ባሕር መውጣት አይቻልም ነበርና በማግስቱ ማለዳ ከወደብ ጠባቂዎቹ ጋር ተነጋግሮ መጥቶ አሳፈረን።

ወጣን። ባሕሩ ዝርግ ነበር፤ ውሃው ከሩቅ ሰማያዊ፣ እጄን ስነክረው ግን ምንም ቀለም የለውም። ጨው ከንፈሬ ላይ ደረቀ። ዳገት ቁልቁለቱን እያፏጨ የሚነዳው አባቴ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላል። የብስ ከዓይናችን ጠፋ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ምንም የለም። አባቴ «አየሽ መዲና፣ ዓሣ ነባሪ ሁልጊዜ አይወጣም፤ ባናየው እንዳይከፋሽ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነገር ነበረችበት። እኔ ግን ልመለስ? ተሾመ ጋ? አባ ሁመድ ጋ? ዓይኔ እስኪያነባ ውሃውን አፈጠጥኩበት።

ድንገት ያሲን ተነስቶ ቆመ። ወደ ፊት ወፎች ተሰብስበው እየተንጫጩ ወደ ውሃው ይወረወራሉ። ከስር ትናንሽ ዓሦች እየዘለሉ ባሕሩን እንደ ዝናብ ያስጮሁታል። ያሲን ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ወደዚያው አስጠጋን። ልክ ስንደርስ ከኋላችን «ፉፍፍፍ!» የሚል ድምፅ ፈነዳ፤ ነጭ እንፋሎት ወደ ሰማይ ተተኮሰ።

አባቴ እንደ ወፍ ዘለለ። «ፈላ! ሞተሩ ፈላ! መዲና፣ ውሃ!»

እግሬ ሄደ። የምንጠጣውን ውሃ ጀሪካን አንስቼ፣ ክዳኑን ፈትቼ፣ በጀልባዋ ላይ እየተንገዳገድኩ ሞተሩ ጋ ደረስኩ። አባቴ ሸሚዙን አውልቆ በእጁ ጠቅልሎ ክዳን ይፈልጋል። ያሲን ያየንና ጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ይንፈራፈራል። መናገር አቅቶት በጣቱ ብቻ አመለከተን። ዞርኩ።

ከጀልባዋ ጎን ጥቁር፣ ርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ጀርባ እየወጣ ነው። ይወጣል፣ ያልፋል፣ ይወጣል፣ ያልፋል፤ አያልቅም! ክንዴን ብዘረጋ ልነካው ነው። መጨረሻ ላይ ትንሽዬ ክንፍ ብቅ አለችና ተከትላ ገባች። ትንፋሹ እንደ ጤዛ ፊቴ ላይ ወረደ፤ ሽታው ደግሞ ልክ ውሃ የገባበት የጥጥ ፍሬ! በባሕር መሐል የዱብቲ መጋዘን ሸተተኝ። «ይተነፍሳል! አባዬ፣ ይተነፍሳል!» ብዬ ጮህኩ። ያሲን ሞተሩን አጠፋ። ጸጥ ባለው ውሃ ውስጥ ነጣ ያለ ጥላ ከስራችን አለፈ፤ ከጀልባዋ በወዲህም በወዲያም ተርፏል። ጀልባዋ ቀስ ብላ ከፍ አለች፣ ቀስ ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወፎቹ መሐል ባሕሩ ተከፈተ። አፉ! አፉን ከፍቶ ከነዓሣው ከነውሃው ሲዘጋው ጉሮሮው እንደ ጆንያ ተነፋ፤ ወፎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ማዕበሉ መጥቶ ሦስታችንንም አራሰን። እኔ እየጮህኩ እዘላለሁ፣ ያሲን «ተቀመጪ!» ይላል፣ ራሱም ይጮሃል። ደስታው ደረቴን ሊያፈነዳው ደረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ እንደዚያ የጮህኩበት ቀን የለም።

አባቴን አየሁት። ሸሚዙን በእጁ እንደጠቀለለ ተንበርክኳል። አፉ ተከፍቷል፣ ጢሙ ይንጠባጠባል። «ሱብሃነላህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለካ እውነት ነው።»

ያን ጊዜ ከደስታዬ የተነሳ ቃሉን ልብ አላልኩትም። በመመለሻው መንገድ ላይ ግን አባቴ አላፏጨም። መኪናዋ ዳገት ላይ እንፋሎቷን ለቀቀችና «ፈላ!» አለ፤ ጀሪካኑን ይዤ ስወርድ ነገሩ ድንገት ተገለጠልኝ።

«አባዬ፣ የፊተኛው ዓሣ ነባሪ አይተነፍስም ነበር?»

አባቴ ክዳኑን በጨርቅ ያዘ። «ያሲን ነው የነገረኝ» አለ። «ትንፋሹን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።»

ዱብቲ እስክንደርስ ደስታዬና ፍርሃቴ ተደባለቁብኝ። አባ ሁመድ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እሳቸውን መዋሸት አልችልም፤ አባቴንም በሰው ፊት ማዋረድ አልችልም።

እንደፈራሁትም ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ አባ ሁመድ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ዳሱ ሞልቷል፤ የተሾመ አባትም አሉ። «ምን አየሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወፎቹን፣ ትንፋሹን፣ ሽታውን። «ርዝመቱስ?» «ሙሉውን አላየሁትም፤ ጀርባውን ነው ያየሁት። ከጀልባዋ ግን ይበልጣል።» «እህ» አሉ። በየዓረፍተ ነገሩ «እህ»። እንደዚያ ቀን ተከታታይ «እህ» አግኝቼ አላውቅም።

«አባትሽስ?»

«አየ። አጠገቤ ነበር።»

«የፊተኛውንስ? እውነት አይቶት ነበር?»

ሰው ሁሉ አየኝ። እናቴ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች።

አባቴ ሻዩን መሬት አስቀመጠና ከበርጩማው ወርዶ አባ ሁመድ ፊት ቁጢጥ አለ። «የፊተኛውን ከያሲን ሰማሁ» አለ። «አየሁ ያልኩት ውሸቴን ነው። የአሁኑን አየሁ። ሞተር ፈላ ብዬም ውሃ አምጡ አልኩ።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የተሾመ አባት ሻያቸው አፍንጫቸው ውስጥ ገባ። አባ ሁመድ ግን አልሳቁም፤ አባቴን ትክ ብለው አዩትና «እህ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሁሉ አባቴን «ሰይድ ፈላ» ይለው ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ዳሱ ውስጥ ማውራቱን ተወ። ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤት ይገባል። ሰው «አንድ ጨዋታ አምጣ እንጂ» ሲለው «የእኔን ወሬ ማን ያምናል» ይላል። ከዓሣ ነባሪው በፊት የነበረውን አባቴን ያጣሁት መሰለኝ። እውነት ተናግሮ እንዲህ ከሆነ ባንሄድ ይሻለን ነበር እያልኩ አለቀስኩ።

ክረምት ላይ አዋሽ ያለችው አክስቴ ዘንድ ሊያደርሰኝ በዚያችው መኪና ወሰደኝ። አዋሽ ከተማ ዳር፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ ጎማ ልናስነፋ ቆመን ሳለ በትሩን ትከሻው ላይ ያጋደመ አፋር ግመል ነጂ መጣ። ዱብቲ ከዚያ ሩቅ ነው፤ ሰውየውን እኔም አባቴም አናውቀውም። አባቴ በሚችላት አፋርኛ ሰላም አለው፤ ሁለቱም ቁጢጥ አሉ። ሰውየው ስለ ሣርና ስለ ውሃ፣ ስለ ሞተ ሰውና ስለ ጠፋች ግመል ነገረው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ዱብቲ መዲና የምትባል ልጅ አለች። አሰብ ባሕር ላይ፣ ወፎች ከተሰበሰቡበት፣ ትልቅ ዓሣ አየች። ሁመድ ከአፏ ሰምቷል። ዓሣው እንደ ግመል ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የረጠበ የጥጥ ፍሬ ይሸታል። ሙሉውን አላየችም፣ ጀርባውን ነው ያየችው፤ ከጀልባ ይበልጣል። አባቷ ሾፌር ነው። መጀመሪያ የሰማውን አየሁ አለ፤ ኋላ አየና ራሱ አስተካከለው።»

አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አንዲት ቃል አልቀነሰም። «እንደ ግመል» የምትለዋ ብቻ የአባ ሁመድ ናት መሰለኝ። አባቴ ፊቱ ደም መሰለ። «እህ» ማለት ረስቶ ነበር።

«ያ ሾፌር» አለ በመጨረሻ፣ «ውሸታም ነው ይላሉ?»

ሰውየው ግራ ገባው። «የውሸታም ወሬ ማን ተሸክሞ እዚህ ያደርሳል?» አለ።

አባቴ ሳቀ። ያ የድሮው፣ ዳሱን የሚያናጋው ሳቁ መጣ። የሰውየውን እጅ ይዞ «ሾፌሩ እኔ ነኝ! ልጅቱም ይቺው ናት!» አለው። ሰውየው ሊሄድ ያነሳውን በትር መልሶ አጋደመና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ እስካሁን የሰማሁትን ነው ያልኩት። አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ።»

ከወፎቹ ጀመርኩ። አባቴም ጎኔ ቁጢጥ ብሎ፣ ምንም ሳይጨምር፣ በየመሐሉ «እህ» ይል ነበር።